ሁለት የሸራ ሻንጣ፣ አንድ ወንበር

በሞተር ተጉዞ ድንኳን ውስጥ ማደር የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ሻንጣ እንደሚሻለው ቢጠይቀኝ ጥሩ መልስ አለኝ። ችግሩ ማንም አልጠየቀኝም። ባሌ እንኳ አልጠየቀኝም። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስ፣ የተማሪ ቦርሳ ሳይቀር እሰፋለሁ። ደረጀ ግን የተሰፋ ነገር ሊገዛ ሲነሣ ከሞተር ጓደኞቹ ጋር መክሮ፣ አዲስ አበባ ወርዶ ገዝቶ መጣ። ከተመለስን ሰንብተናል፤ ንዴቱ ግን ገና አልወጣልኝም። ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል ረጋ ያለ ወግ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ ከሻንጣው ይጀምር እንጂ በሻንጣው አያበቃም። ደረጀ በየበዓሉ ማግሥት ከጓደኞቹ ጋር ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ግን «ይኼ ጉዞ የሁለታችን ነው» ብሎ ማለልኝ። እኔም በግልጽ ነገርኩት፦ «ይኼንንም እንደ ሌላው ያንተ ብቻ ካደረግኸው ከሐይቅ በሚኒባስ እመለሳለሁ። የምመለሰውም ወደ ቤታችን አይደለም፤ ወደ እህቴ ቤት ነው።» ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለእህቴም ነግሬያት ነበር፤ አልጋ አዘጋጅታልኛለች።

ሻንጣውን ያመጣ ዕለት ገልብጬ አየሁት። ሁለት ናቸው፤ በኮርቻው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ተያይዘው በሞተሩ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ። የሸራ መሆናቸውን አልጠላሁትም። የብረት ሣጥን ከባድ ነው፤ ሞተር ሲወድቅም እግር ሥር ገብቶ አጥንት ይሰብራል። ሸራ ግን ወድቆ ይተኛል። ይኼን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ስፌቱን ሳየው መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ምንም አልተለጠፈበትም። አፉም ተጠቅልሎ የሚታሰር ሳይሆን ዚፕ ነው።

«ይኼ ውኃ ያስገባል» አልኩት።

«አያስገባም ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሻጩ ነዋ!»

ሻጩ! አሥራ ምናምን ዓመት መርፌ የያዝኩትን ሚስቱን ትቶ ሻጩን አመነ። ዋጥኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት ጓዜን ጠቅልዬ አልጋው ላይ አስቀመጥኩ፤ ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሽፍን ጫማ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ። ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥቼ ስመለስ ደረጀ የመጨረሻውን ዘለበት እየቆለፈ ነው።

«ሁሉም ገባ?»

«የሚያስፈልገው ሁሉ ገብቷል» አለኝ። ይቺን አባባል ያዙልኝ፤ እኔ የዚያን ጊዜ አልያዝኳትም።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ፊታችን ላይ ተኛ። ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛንና አንድ አጥር ሥር ቆመን ቃምን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር፤ እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች ለብርድ እንጂ ለሙቀት አልተፈጠርንም። ይኼ ሁሉ ባልከፋ። ግን የግራው ሻንጣ እግሬን የማሳርፍበትን ብረት ሸፍኖታል። ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ፣ ቆጥ ላይ እንደሠፈረች ዶሮ ሆኜ ከሚሴን አለፍኩ። ትከሻውን ደጋግሜ መታሁት፤ ቆመና ሻንጣውን በጣቱ ገፋ አድርጎ «አሁንስ?» አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ተመልሶ እግሬ ላይ ተኛ።

በየፍተሻው ያው ነው። ዘለበት ይፈታል፣ ዚፕ ይከፈታል፣ ከላይ ያለው የደረጀ ጓዝ መንገድ ዳር ይዘረገፋል፤ የኔ ከሥር ያለ መስሎኝ ነበር። አንዱ ፈታሽ ትሑት ልጅ ነበር፤ «ይቅርታ እናንተም ደከማችሁ፤ ሥራ ሆኖብን ነው» እያለ ራሱ መልሶ አሰረልን፤ ከደረጀ ይልቅ አጥብቆ ነው ያሰረው።

ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎ ዳገትን ስንወጣ አየሩ ተለወጠ፤ ደሴ በብርድ ተቀበለችን። የደሴ ብርድ የኛን አያህልም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ጋቢ ላለው ሰው። ፔንሲዮን ገብተን ሻንጣውን ስከፍት ጋቢዬ የለም። የዝናብ ልብሴ የለም። ጫማዬ የለም። አንድ ቀሚስና ፎጣ ብቻ አገኘሁ።

«ቦታ አልበቃም» አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር።

«ለምኑ ነው ያልበቃው?»

«ሙሉዬ፣ ዕቃ አበዛሽ። ለአራት ቀን እኮ ነው።»

ደሜ ፈላ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ደጅ ሆነው ድምፄን ሰሙ መሰለኝ፣ በር አንኳኩና የራሳቸውን ብርድ ልብስ አቀበሉኝ። «ልጄ፣ ደሴ ጋቢ ሳይዙ አይመጣም» አሉኝ። እንደማውቅ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። አመስግኜ ተቀበልኳቸው።

እሑድ

ከደሴ ወደ ሐይቅ ቅርብ ነው። መንገዱ ሲወርድ ብርዱ እየለቀቀ፣ ከተማዋ ላይ ሲደርሱ ሚኒባስና ባጃጁ፣ ከዚያ ወዲያ ውኃው። እኛ አገር ውኃ ማለት ወንዝ ነው፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል። ይኼ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ውኃ ነው። አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ንዴቴን ለአፍታ ረስቼው ነበር።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚደረሰው በእግር ነው፤ የወንዶቹ ገዳምም ሴት አያስገባም። ይኼ አላናደደኝም፤ የገዳም ሥርዓት ነው፤ እኔ ከደጁ ተሳልሜ ዳር ዳሩን እየዞርኩ ውኃውን ለማየት አስቤ ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። የሸራ ሻንጣ ቁልፍ የለውም። ዘለበቱን ማንም ይፈታዋል። ስለዚህ ደረጀ ለመግባት ሲነሣ ዞር ብሎ «አንቺ ዕቃውን እያየሽ ትቆያለሽ» አለኝ። ትቆያለሽ ወይ አላለኝም።

ሞተሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ሲከር አንድ ባለባጃጅ አይቶኝ ባጃጁን አስጠግቶ ጥላ ሠራልኝ።

«እቴ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«ሻንጣ።»

«ኸሌባ? ኧረ አብሽሪ! እዚህ ማንም አይነካውም። ሂጂ፣ ውኃውን እዪ፤ እኔ አለሁ።»

አልሄድኩም። አንድ ነገር ቢጠፋ ደረጀ የሚለኝን አውቀዋለሁ። ባለባጃጁ ሥራውን ትቶ ከኔ ጋር ተቀመጠ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ አጫወተኝ። ደረጀ ፊቱ አብርቶ ተመለሰና ያየውን ሁሉ እየዘረዘረ ነገረኝ። እኔ ያየሁት ሁለት ሻንጣ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ከአንድ እርሻ ግርጌ ድንኳኑን ተከልን። ደረጀ ከሻንጣው ውስጥ ታጣፊ ወንበር አወጣ፤ ዘረጋና ውኃውን እያየ ተቀመጠበት። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ሁለተኛ የለም። የኔን ጋቢ ያስቀረው ወንበር እሱ ነበር፤ እሱም አንድ። ሄልሜቴን ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

የእርሻው ባለቤት አያ ይማም መረባቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መጡ። ስልሳ የሚያልፋቸው፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው። ድንኳኑን ዞረው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጆቼ?»

«እናድርበታለን አባቴ፤ ከፈቀዱልን» አለ ደረጀ።

«ቤት እያለ ሜዳ? ኧረ በአላህ! ሰው ምን ይለኛል? ይማም እንግዳ አላስገባ ብሎ ውኃ ዳር ጣላቸው አይለኝም?»

ደረጀ የመጣነው ለዚሁ እንደሆነ፣ ድንኳን ማደር እንደሚወድ አስረዳቸው። አያ ይማም እኔን አዩኝ። ሄልሜቱን አዩ፤ ወንበሩን አዩ። ትንሽ ቆይተው ከሚስታቸው ከእትዬ ፋጡማ ጋር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣና እንጀራ ይዘው ተመለሱ። «ሥጋ ብናመጣ የኛ ሥጋ ለናንተ አይሆን፤ ዓሣ ግን ቢላ የለው፣ ሃይማኖት የለው» አሉ እትዬ ፋጡማ እየሳቁ። ለኔም መቀመጫ ምንጣፍ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ዓሣው በበርበሬ የታሸ ነው፤ እኛ ቤት ዓሣ የሚበላው በጾም ሰሞን፣ እሱም በረዶ ቤት የከረመ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ በሕይወቴ አልበላሁም።

ሰኞ

አምባሰል ካልወጣን ሞቼ እገኛለሁ አለ ደረጀ። እትዬ ፋጡማ ሻንጣውን እቤት ተውት ብለው ለመኑት፤ እሱ ግን ሻንጣ የሌለው ሞተር ፎቶ ላይ አያምርም ብሎ ጫነው። ይኼን በጆሮዬ ሰማሁ።

ከውጫሌ ወደ ደጋው የሚያወጣው መንገድ ኮረኮንች ነው። ሞተሩ ሲዘልል ሻንጣውም ይዘልላል። አምባው ከላይ እንደ ግንብ ቆሟል፤ እታች ያሉት ቤቶች ቆሎ የተበተነ ይመስላሉ። ይህን ስም የያዘውን ዜማ ስንት ሠርግ ላይ ሰምቼ አልቅሻለሁ፤ አገሩን ሳየው ለምን እንደሚያስለቅስ ገባኝ። ግን ብዙም ሳላይ የላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቀኙ ሻንጣ ጠፍሩ ላልቶ የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው ላይ ተኝቷል፤ ግርጌው ቀልጦ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ወጥቶለታል። የኔ ቀሚስ ያለው እዚያ ነበር። ጠርዙ ተቃጥሏል።

«ይኼው!» ብዬ ጮህኩ። «ይኼው ሻጩ! ጥራው እንጂ ይስፋልህ!»

ማሳው ላይ የነበሩ ባልና ሚስት ጩኸቴን ሰምተው እየሮጡ መጡ፤ ሰው የሞተ መስሏቸው ነው። ሴትዮዋ ነገሩን ሲያዩ እጄን ይዘው «እሰይ፣ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ይቃጠል» አሉኝ። ሰውየው ቤት ደርሰው ንጹሕ ማዳበሪያ፣ ያን ውስጡ ላስቲክ ያለውን ጆንያ፣ ይዘው መጡ። «ጓዛችሁን በዚህ አድርጉት። ሰማዩ አያምርም፤ በልግ ነው፣ አይታመንም።»

ደረጀ ጆንያውን አየ። «አመሰግናለሁ፣ አያስፈልግም» አለ። ሰዎቹ ፈቀቅ ሲሉ ወደኔ ጎንበስ ብሎ «እዚህ ሞተር ላይ ማዳበሪያ ልጫን?» አለኝ። ሰዎቹ ሰምተው እንደሆነ ብዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሴትዮዋ ግን ባቄላ ቆሎ በመሐረቤ ቋጥረው ሸኙኝ።

ዝናቡ ውጫሌ ሳንደርስ ያዘን። ደረጀ ሞተሩን አቁሞ የዝናብ ልብሱን አወለቀና ዘረጋልኝ፦ «ልበሺው።» አልተቀበልኩትም። «የኔን የዝናብ ልብስ ቤት ትተኸዋል፤ ያንተን ለብሰህ ንዳ» አልኩት። አጠፋሁ መሰለኝ፤ ያ ነገር ቁጣ እንጂ ብልሃት አልነበረም። እሱም አልለበሰውም፤ የነዳጅ ታንኩ ላይ አስሮት ሁለታችንም ረጥበን ገባን።

አያ ይማም ቤት ስንደርስ ከንፈሬ ጠቁሯል። ድንኳኑን በሌለንበት ነቅለው አድርቀው ቤት አስገብተውልናል። እትዬ ፋጡማ እኔን እሳት ዳር አስቀምጠው የራሳቸውን ቀሚስ አለበሱኝ፤ ከዚያ ሻንጣዎቹን ከሞተሩ ፈትተው ይዘው ገቡ። ሲገለብጧቸው ውኃ ተንቆረቆረ። ስፌቱ ያልኩትን ሁሉ አድርጓል። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ዕቃውን አንድ በአንድ እየጨመቁ አጥሩ ላይ ያሰጡ ጀመር፤ ጎረቤት ሴቶችም መጥተው አገዟቸው። ሱሪ፣ ሌላ ሱሪ፣ ሁለት ጃኬት፣ ጓንት፣ የሞተር ጫማ፣ የካሜራ ማቆሚያ፣ ትንሽ ቡታጋዝ፣ የመፍቻ ቦርሳ፣ ወንበር። አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ።

እትዬ ፋጡማ ባዶውን ሻንጣ አራግፈው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ፈተሹትና ወደ ደረጀ ዞሩ።

«የሷስ?»

ደረጀ ጎንበስ ብሎ የመፍቻ ቦርሳውን ያስተካክል ጀመር።

«የሷስ የት አለ? ሌላ ሻንጣ አለ እንዴ?»

ጠርዙ የተቃጠለውን ቀሚስ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ከአጥሩ ጥግ ተሰጥቷል። ከአጠገቡ ፎጣዬ አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «አበስኩ ገበርኩ» አለች ቀስ ብላ። ደረጀ አጥሩን ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ አየው። ስንት ዓመት የነገርኩትን ነገር እነዚያ ሴቶች በአንድ አጥር ነገሩት። ወጥቶ ውኃው ዳር ሄደ፤ እራት ላይም አንገቱን ቀና አላደረገም። እኔም አላናገርኩትም።

ማክሰኞ

ጠዋት ደረጀ ሻንጣውን ፈለገ።

«ጓዳ ነው» አሉት አያ ይማም። «ፋጡማ ቆልፋበታለች።»

«ለምን?»

«እንግዳ ተኳርፎ ከቤቴ አይወጣም። የዚህ ቤት ከራማ አይወድም። ተቀመጡ።»

የብረት ሣጥን ቢሆን ከሞተሩ ጋር በብሎን ስለሚያያዝ ማንም ጓዳ አያስገባውም ነበር። ሸራ ግን እትዬ ፋጡማ ይዘውት ይገባሉ። ሻንጣ መራጮች ይህንንም ይመዝግቡት።

አያ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አሜን አልን። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ወግ «ምን አጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ከጋቢው እስከ ወንበሩ ሁሉንም ተናገርኩ። ደረጀ ተራው ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ አለ።

«አላየሁም፣ ሙሉ። እውነቴን ነው፤ አላየሁም።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ!» አልኩት። «ጠልተኸኝ ብታስቀረው እጣላሃለሁ። ትዝ ስላላልኩህ ነው ያስቀረኸው። ይኼን ከማን ጋር ልጣላው?»

ተነሥቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ፤ አያ ይማም ክንዱን ይዘው አስቀሩትና ወደኔ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ለሽበቴ ብለሽ ይቅር በይው።»

በኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ካለ ነገሩ አልቋል። ልብሽ ምንም ይበል፣ አፍሽ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። ስንት ጊዜ ብያለሁ! ለእናቱ ብዬ፣ ለንስሐ አባታችን ብዬ፣ ለበዓል ብዬ። ያን ዕለት ግን አፌ እምቢ አለ።

«አያ ይማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልችልም። ለሽበትዎ ብዬ ይቅር ብል ውሸት ነው። ገና ተናድጃለሁ።»

እትዬ ፋጡማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌ መመለስ ነውር ነው፤ ያውም ያበላንና ያለበሰንን። አያ ይማም የደረጀን ክንድ ለቀቁ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ታርቃችሁ ትወጣላችሁ ብዬ ነበር። እንግዲህ አልሆነም» አሉ። «ሻንጣውን አግቻለሁ፤ እሱን እመልሳለሁ። ቁጣሽን ግን አልቀማሽም። ሀቅሽ ነው።» ሚስታቸውን ጓዳ ላኩና ሁለቱን ሻንጣ አስመጡ። የሚያያይዛቸውን ጠፍር ፈቱት። «ሁለት ናቸው አይደል? አንዱ የሷ ነው። ያንተን በአንዱ አድርገው፤ ካልበቃህ እኔ ቤት ይቀመጥልህ።»

ደኅናውን ለኔ ሰጡኝ። ቀሚሴንና ፎጣዬን አስገባሁ፤ እትዬ ፋጡማ የደረቀ ቆሮሶ በቅጠል ጠቅልለው ጨመሩበት። ያለበሱኝንም ቀሚስ ላወልቅ ስል «ኧረ ተይ!» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ሻንጣዬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ። ደረጀ ከኋላዬ መጣ፤ አልከለከለኝም። ሚኒባሱ በር ላይ «ደብረ ብርሃን እንገናኛለን?» አለኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። እህቴ ጋ ደውዬ መምጣቴን ነገርኳት።

ሚኒባሱ ከሐይቅ ሲወጣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ሾፌሩ መስተዋቱን ደጋግሞ ያይ ጀመር።

«ያ ሞተር ኸሐይቅ ጀምሮ አለቀቀኝም» አለ። «ላሳልፈው ጥጌን ስይዝ ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል። ምን ፈልጎ ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ዘመኑ እንደምታውቁት ነው፤ የሚከተል ሞተር ማንም አይወድም። አንድ ሰውዬ «ፍተሻው ጋ ስትደርስ ንገራቸው» አለው። ሾፌሩም «እሱን ነው የማደርገው» አለ።

እኔም ዞርኩ። ደረጀ ነው። ቀዳዳውን በገመድ ያሰረውን ሻንጣ በቀኝ በኩል ብቻ ጭኗል፤ በግራ ምንም የለም። ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ እሱ ለማቅናት ወደ ግራ ተጣሞ፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር እየታገለ ይነዳል። ሲታገል ተናደድኩ። ይኼ ደንቆሮ! ጭነት አንድ ሲሆን ኋላ መሐል ኮርቻው ላይ ይታሰራል፤ ይኼን ልጅም ያውቀዋል፤ አራት ቀን ሙሉ ስለ ጭነት ሚዛን ሲሰብከኝ የከረመው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ኮርቻውን አየሁት። የኔ መቀመጫ ባዶ ነው። ጠራርጎታል። ምንም አልጫነበትም።

የፍተሻው ገመድ ታየ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ተወው፣ አትንገራቸው» አልኩት።

«ታውቂዋለሽ?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ንዴቱ አልበረደልኝም።

«ባሌ ነው» አልኩ። «ቁምልኝ፤ እወርዳለሁ።»